ለአባቴ ጀርባ የተመረጠ ሞላ

ባለፈው ሰሞን፣ መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን፣ ቡሬ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው። መናኸሪያው አጥር ሥር ሚኒባስ እየጠበቅኩ ቆሜ ሳለ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። እግሬ ሥር ስል ለአፌ ያህል አይደለም፤ ሆዷ ከመሬት ስንዝር አይርቅም። መስኮቷ ዝቅ አለና፣ “እትዬ የሺ! ይግቡ እንጅ፣ እኔም ወደ ቤት ነኝ” አለኝ ናትናኤል። ናትናኤል የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ነው። ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን ሊጠይቅ ፍኖተ ሰላም ይመጣል። ነጠላዬን ሰብስቤ፣ አንድ እጄን በሩ ላይ አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብዬ ገባሁ።

ከከተማው ሳንወጣ ወገቤ ጮኸ። ያ አስፋልት ሲነጠፍ እልል ያልንለት ነው፤ ዛሬ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። መኪናዋ ደግሞ አንዷን ጉድጓድ እንኳ አታልፍም፣ ሁሉንም እየቆጠረች ታስረክበኛለች። “ይቅርታ እትዬ፣ ሾኩ ስፖርት ነው፤ መንገድ ትያዝልኝ ብዬ ዝቅ አስደርጌያት ነው” አለ ልጁ። መንኩሳ ስንደርስ ከሥሯ አንድ ነገር ጋጭ ሲል ጊዜ አቆማትና ወርዶ ተንበረከከ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ያኔ ነው የሞቀ ግራሶ ሽታ ከመሬት ተነሥቶ ፊቴን ያገኘኝ። ግራሶ እኮ ለሌላው ሰው የመኪና ቅባት ነው፤ ለእኔ ግን የባለቤቴ የመላኩ እጅ ነው፣ የሠርጋችን ዕለት እንኳ በሎሚ ታሽቶ ያልለቀቀ።

ናትናኤል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣና ስልኩን አሳየኝ። አንድ ቀይ ሞላ፣ አንድ ሰማያዊ ሞላ። “ይኸኛው ይበልጥ አጭርና ጠንካራ ነው፣ ኩርባ ላይ አይበገርም። ያኛው ረዘም ይላል፣ ለስለስ ይላል፣ ግን መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፣ ውበቷን ይቀንሰዋል። የቱን ልዘዝ እትዬ?” አለኝ፤ ሊያጫውተኝ ብሎ ነው።

“ለመሆኑ ማንን ነው የምትጭንባት?” አልኩት።

“እኔው ነኝ። አንዳንዴ እማዬን።”

“እሷ ምን ትላለች?”

ሳቀ። “አንድ ቀን ገብታ፣ ሁለተኛ በእግሬ ይሻለኛል አለች።”

እኔም ሳቅሁ፤ መልሱን ግን አልነገርኩትም። ቤት እስክንደርስ ድረስ በልቤ ሌላ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር የመጣሁት።

ያኔ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም መሀል መንገዷ ጠጠር ነበር። በበጋ አውቶቡስ ሲያልፍ ሱቆቹ ሁሉ አቧራ ለብሰው ይቆዩና ባለሱቆቹ በየደጃቸው ውኃ ይረጫሉ፤ ከዚያ የሚነሣው የረጠበ አፈር ሽታ ከማንኛውም ሽቶ ይበልጥብኝ ነበር። እኔ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚነዳ የስፌት ማሽን ዘርግቼ እሰፋለሁ። ተርጋል ቀሚስ፣ ፕሊሴ የሚሉት እጥፋት ያለው፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል። ጎረምሶቹ ደግሞ ሱሪያቸውን አምጥተው ከጉልበት በታች ቅደጅልንና ሌላ ጨርቅ አስገብተሽ ስፊልን ይሉኛል፤ እግራቸው ደወል እንዲመስል። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ በዳንቴል ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሻይና ብስኩት በስሙኒ ነው። የትዝታ ዘፈን የመጣ እንደሆነ ሸክም የያዘው ሳይቀር ቀስ ይላል፤ እኔም ፔዳሉን ቀስ አደርጋለሁ።

መላኩ የመጣው ከመንገድ ሥራው ካምፕ ነው፤ ላህ ወንዝ አጠገብ ድንኳናቸውን ተክለው ነበር። የዶዘርና የገልባጭ መካኒክ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሰማያዊ ቱታ የሚለብስ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ። አንድ የካምፑ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ለእሱ ትቶለት ሄደ። የወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ ባለ ሁለት በር፣ ከፊት ሁለት ከኋላ ደግሞ ለልጅ የሚሆን ጠባብ ወንበር ያላት፣ ሞተሯ ሲነሣ ዶሮ የሚያስበረግግ ፈጣን መኪና። በዚያ አገር እንዲያ ያለ ታይቶ አይታወቅም። መላኩ በልጅነቱ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በመኪና ውድድር ገብቶ ሳይጨርስ ወጥቷል፤ ያ ነገር እንደ እሾህ ውስጡ ቀርቶ ነበርና፣ በዚህች መኪና ተመልሼ እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛው አጫጭርና ጠንካራ የውድድር ሞላ በጆንያ አድርጎ በአውቶቡስ ላከለት። እሱን ከገጠመላት በኋላ ከተማው ስም አወጣላት፤ “ገጭ ገጭ” አሏት። እኔ ዘንድ የመጣው የወንበሯን ልብስ ላሰፋ ብሎ ነው። ወንበሩን ለመለካት ብዬ ገባሁ፤ መለካቱ ከሚገባው በላይ ጊዜ ወሰደ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ቡሬ ልውሰድሽ አለኝ። የጥቅምት ፀሐይ ነው፤ የኑግ አበባ በግራ በቀኝ ቢጫውን ዘርግቶታል። እኔ ግን አበባውን ያየሁት በቁርጥራጭ ነው፤ ዓይኔ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ። ምላሴን ነከስኩ። እሱ ደግሞ እንደ ሙሽራ ፈክቶ፣ “አየሽ፣ ኩርባ ላይ አትንጋደድም፣ መንገድ ትይዛለች!” ይለኛል። ይኸን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከመንኩሳ በታች ያለው ኩርባ ላይ የኋላዋ ተንሸራተተና ዞራ ከመንገድ ወጥታ ሰርዶ ላይ ቆመች። አንድም ነገር አልሆንንም፤ ዝምታው ብቻ አስደነገጠን።

መላኩ ወርዶ መኪናዋን ሳይሆን መንገዱን ይመረምር ጀመር። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ አቧራው ተኝቷል። ከእኛ በፊት ያለፈው አውቶቡስ ዱካ ሳይቋረጥ ሄዷል። የእኛ ዱካ ግን አለ፣ ይጠፋል፣ ደግሞ አለ።

“ምንድን ነው የምታየው?” አልኩት።

“ነይ ተመልከች። ጎማው መሬት የነካው እዚህ ነው። እዚህ ጋ ግን የለም፤ አየር ላይ ነበር።”

ጎንበስ ብዬ አየሁት። “ይኸንማ አውቀዋለሁ” አልኩ፤ “ስፌት መዝለል ነው። ማሽኔም ክሩ ሲጠብቅበት እንዲህ ያደርጋል።”

“ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ክሩን አላላለታለሁ። ግን አብዝቼ ካላላሁት ደግሞ ከሥር ይተበተባል። ልኩን እስካገኝ ድረስ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እሞክራለሁ።”

ዓይኑን ከዱካው ወደ እኔ አመላለሰ። ዱካውን ይሁን እኔን እየመረመረ እንደሆነ አላወቅኩም። “እኔ መንገድ ያዘልኝ ያልኩት ሞላ ለካ መንገዱን የሚያስለቅቀኝ እሱ ነው” አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ያህል ዝቅ አድርጎ። ያም ሆኖ ሞላውን ሊያወጣው አልጨከነም። የአዲስ አበባው ውድድር በአስፋልት ነው፤ አስፋልት ላይ ያ አጭር ሞላ ሌላ ነገር ነው፣ ቀኑም ቀርቧል።

ሐሳቡን ያስቀየረው የአባቴ ጉዳይ ነው። አባቴ አድማሱ ይባላሉ፤ እኛ አባባ ነበር የምንላቸው። ከቡሬ አለፍ ብሎ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው በኩል ያርሱ ነበር። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከእህታቸው ጋር በአገውኛ የሚጫወቱ፣ ንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት ዋንዛ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ወደቁና ጀርባቸው ዳግመኛ አልተቃናም። ቤተ ክርስቲያን በዱላ ይደርሳሉ እንጅ በቅሎ ላይ መውጣት ቀረ። አውቶቡስም አንድ ጊዜ ሞክረው ጥሊሊ ላይ በዕንባ አስወርደዋቸዋል። እህታቸው፣ አክስቴ ወለላ፣ ዱርቤቴ ነው የተዳሩት። እሳቸው ታላቅ አባባ ታናሽ፤ እናታቸው ቶሎ ስለሞቱ አባባን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከወደቁበት ቀን ጀምሮ ተያይተው አያውቁም። በዚያው ሰሞን ከዱርቤቴ ገበያ ወደ ቡሬ የሚመላለስ አንድ የእህል ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ፤ ወለላ ታማለች፣ “የአድማሱን ድምፅ ሳልሰማ አፈር አታልብሱኝ” ብላለች የሚል። አባባ ይኸን ሰምተው ሲያበቁ፣ እንደነገሩኝ፣ ደጅ ወጥተው ቀፎዎቻቸው ሥር ቆሙ፣ ከዚያም ንቦቹን የሚያዩ መስለው ቆዩ።

ለመላኩ የነገርኩት እንዲያው ሆዴ ባብቶ ነው፤ ምን ያድርግ ብዬ አይደለም። ሰማኝና ሄደ። በማግስቱ ካምፑ ጋ ሳልፍ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ አጫጭሮቹ ሞላዎች ሣር ላይ ወጥተው ተጋድመዋል።

መጀመሪያ ከአንድ ወደ ገደል ከገባ የቤት መኪና የተረፈ ረጅምና ለስላሳ ሞላ አገኘና ገጠመላት። “ነይ፣ አንቺ ቁራጭ ጨርቄ ነሽ” ብሎ አስገብቶ ወሰደኝ። አሁን ደግሞ መንገጫገጩ ቀረና መዋዠቅ መጣ። አንዷን ጉድባ ካለፍን በኋላም መኪናዋ ረስታ አትተወውም፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ የላህ ድልድይ ጋ አስቁሜው አስመለሰኝ። ዞር ብዬ አፌን ስጠርግ፣ “ተተበተበ አይደል?” አለኝ፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ እንኳ አሳቀኝ። ሞላ ብቻውን አይበቃም ለካ። ሞላው የሚወረወረውን ይዞ በልኩ የሚመልሰው ያ ዘይት ያለበት ቧንቧ፣ ሾክ የሚሉት፣ አብሮ መመረጥ አለበት። የአሮጌው ሾክ ጉልበት አነሰ፤ የአንድ ላንድሮቨር ሾክ ሞከረና መልሶ በረታ፣ መንገጫገጩ ተመለሰ። በመጨረሻ ዘይቱን ቀይሮ፣ አፍልቶ፣ አቅጥኖ፣ ምን እንዳደረገው እንጃ፣ አንድ ማታ መጥቶ፣ “ተስማሙ” አለኝ፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ያስታረቀ ነበር የሚመስለው። ጎማውንም ሆደ ሰፊ በሆነ ቀይሮ ነፋሱን ትንሽ ቀነሰለት። መኪናዋ ከፍ ብላ ቆመች። የከተማው ልጆች “ግመሏ መጣች” አሉ። መላኩ ግን የዚያን ቀን ያንን የመንኩሳ ኩርባ ከበፊቱ ፈጥኖ አለፈው፤ ተመልሰን ዱካችንን ስናየው እንደ አውቶቡሱ ሳይቋረጥ ሄዷል።

አባባን ለማሳመን አብሬው ሄድኩ፤ መካኒክ ነው ብዬ ነው ያስተዋወቅኩት። አባባ ከግድግዳው ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“አባባ፣ ሞላ ቀይሬላታለሁ” አላቸው መላኩ።

“ምን አልከኝ?”

“ሞላ፣ አባባ።”

“እሰይ! ጎደለ ከሚለኝ ሰው ሞላ የሚለኝ ይሻላል” አሉ። ቀጥለው ደግሞ ወደ እኔ ሰረቅ አድርገው አዩና፣ “ለመሆኑ የሞላው ለእኔ ጀርባ ነው ወይስ ለሌላ ጎጆ?” አሉት።

የመላኩ ጆሮ ቀላ። “ለጀርባዎ ነው” አለ።

“እሽ። እንግዲያ ዳኛው ጀርባዬ ነው።”

ደግፈን አስገባናቸው። በመጀመሪያው ጉድባ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የበሩን እጀታ ጨበጡ። በሁለተኛው ጨበጡ። ከሦስተኛው በኋላ እጃቸው ቀስ ብሎ ተፈታና ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ፣ “ይች መኪና አይደለችም፣ ሰጋር በቅሎ ናት” አሉ። በጎጃም ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ጉዟችን በነገታው ሆነ። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በዚያች የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣ አንድ እንስራ ማር በክንዴ አቅፌ። ጥሊሊን አለፍን። ጥሊሊን ስናልፍ አባባ ያንን የወረዱበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩን። ኮሶበርን አለፍን፤ ብርድ ነበረ፣ መስኮቱን ዘጋንላቸው። መላኩ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ድንጋዩን ከሩቅ ያየዋል፤ ፍሬኑን የሚነካው እንቁላል እንደሚነካ ሰው ነው። ዳንግላ ልንገባ ስንል የአባባ ራስ ዘንበል አለ።

“ምን ሆኑ?” አለኝ መላኩ ደንግጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። “ተኝተዋል” አልኩት።

“ተኝተዋል?”

“እያንኮራፉ ነው እንጅ።”

በመስተዋቱ ፊቱን አየሁት። ሰው እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም፤ በራሱ እያፈረ፣ ከንፈሩን ነክሶ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። “መላኩ፣ ውድድሩ እኮ ዛሬ ነው” አልኩት። “ዝም በይ፣ እንዳይነቁ” አለኝ። ስለ ውድድሩ በመካከላችን የተባለው ይኸ ብቻ ነው። በመጪው ዓመት ንጉሡ ወረዱ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ ውድድሩም ቀረ፣ ቤንዚንም በወረፋ ሆነ። ካምፑ ሲነሣ መላኩ አብሮ አልተነሣም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ጋራዥ ከፈተ፣ ከእኔ ማሽን ማዶ። ሦስት ልጆች ወለድን፤ ሦስቱም ወደዚህ ዓለም የመጡት በዚያች መኪና ሐኪም ቤት ደርሼ ነው። እሷም አርጅታ ተሸጠች፣ እሱም አርፎ ይኸው ዓመታት ሆነው። አንዳንዴ፣ ውድድሩ ቆጭቶት ይሆን? ብዬ ለልጆቼ አነሣለሁ። ትልቋ፣ “እማዬ፣ አባዬ እኮ ስለ መኪና ሲያወራ ያቺን የዳንግላ እንቅልፍ ነበር የሚያወራው” ትለኛለች።

ያን ቀን ዱርቤቴ የደረስነው ገበያው ሊፈታ ሲል ነው። የአክስቴ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ አጥር ያለው ነው። ሞተሩ እንደጠፋ አክስቴ ወለላ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከቤት ወጡ። ጠቁረው፣ ከስተው፣ ሰውነታቸው የሕፃን ያህል ቀርቶ። አባባ ነቅተዋል፤ ግን ብዙ ከመቀመጥ ጀርባቸው ደርቆ እግራቸውን ወደ ውጭ ማውጣት አቃታቸው። መላኩ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ልንይዛቸው ስንታገል አክስቴ በርቀት ሆነው፣ “ተውት! አታሳምሙት። እሱ መውጣት ካቃተው እኔ እገባለሁ” አሉ።

መላኩ ሮጦ የራሱን በር ከፈተ። አክስቴን አቅፈን ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሁለቱንም በሮች ለነፋስ ብለን ክፍት ተውናቸው። መጀመሪያ ተያዩ። ቀጥሎ ተሳሳሙ፣ አለቀሱ፣ ደግሞ ተሳሳሙ። ከዚያ በአገውኛ ጀመሩ። እኔ አገውኛ የምሰማው በግማሽ ነው፤ የሰማሁትን ለመላኩ በሹክሹክታ እተረጉምለታለሁ። ስለ ሙት ስለ ሕያው ተጠያየቁ። ስለ አንዲት ላም ተጨቃጨቁ፤ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ያለፋት ላም ናት። የአክስቴ ልጅ ምግቡን ወደ መኪናዋ አመጣችላቸው፤ አንዱን ትሪ ጉልበታቸው መካከል አኑራ እጃቸውን አስታጠበች፤ በኋላም አክስቴ ከታመሙ ወዲህ ይህን ያህል በልተው አያውቁም ብላ ተገረመች። እኔና መላኩ አጥሩ ሥር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

ፀሐይ ዝቅ ስትል አክስቴ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ይመስል ዳሰሱት፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትንሽ ነቅነቅ አደረጉት። “አድማሱ፣ ልጅ ሳለህ ወንዙን አዝዬ ነበር የማሻግርህ” አሏቸው። “ዛሬስ ወዴት ላድርስህ?”

አባባ ትንሽ አሰቡ። “እናታችን ደጅ አድርሽኝ” አሉ፤ “ግን ቀስ ብለሽ ንጅ፣ ጀርባዬን ያመኛል።”

ሁለቱም ሳቁ፤ በመጀመሪያ ድምፅ አልባ፣ ቀጥሎ እያሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ። መኪናዋም ከእነሱ ጋር በቀስታ ከፍ ዝቅ አለች። መላኩ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላዋን ያይ ነበር፤ እኔ እሱን አያለሁ። ከብቶች ከግጦሽ ገቡ፣ በተከፈቱት በሮች ዳርና ዳር እየተከፈሉ አለፉ። መሸ፤ ማንም ውረዱ አላላቸውም።